ባልዲ፣ በርሜልና የሌሊቱ ብርድ፦ የትንሽ ሌዘር መቁረጫ ማቀዝቀዣ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ

ማሽኑ በተለምዶ ኬ40 የሚባለው፣ በቻይና በርካታ አምራቾች የሚገጣጥሙትና በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ትንሹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር መቁረጫ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው 40 ዋትን የሚያመለክት ቢሆንም፣ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የመስታወት ቱቦው ዕድሜውን ሳያሳጥር የሚሰጠው ብርሃን ከ30 እስከ 35 ዋት ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤቴ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል አስቀምጬው 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶና አክሪሊክ እቆርጥበታለሁ፤ የበር ላይ ስም፣ የስጦታ ሳጥን፣ የቁልፍ መያዣ፣ አልፎ አልፎም የሠርግ ጥሪ ካርድ ይሠራበታል።

ለዚህ ማስታወሻ ምክንያት የሆነው ችግር ይህ ነው። ጠዋት በ12 ሚሊአምፔርና በሰከንድ 8 ሚሊሜትር ፍጥነት ጥርት ብሎ የሚቆረጠው ኮምፔንሳቶ፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ቁጥር ሲሠራ ከጀርባው አይላቀቅም። መስተዋቶቹና ሌንሱ ተጠርገዋል፤ ጨረሩ መስመሩን አልሳተም፤ የአምፔር መለኪያው መርፌም ጠዋት በነበረበት ላይ ይቆማል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቱቦውን ለማቀዝቀዝ በፓምፕ የሚዘዋወረው የባልዲ ውሃ ጠዋት 17 ዲግሪ ነበር፣ አሁን 28 ደርሷል።

መርፌው ባለበት መቆሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። መርፌው የሚለካው ወደ ቱቦው የሚገባውን ኤሌክትሪክ እንጂ ከቱቦው የሚወጣውን ብርሃን አይደለም። ይህን ዓይነቱን ሌዘር በ1964 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪ የሠራው ኩማር ፓቴል ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩም እስካሁን ያው ነው። በቱቦው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅንና ሂልየም ተደባልቀው ይገኛሉ። ኤሌክትሪኩ ናይትሮጅኑን ያነቃዋል፤ ናይትሮጅኑ ጉልበቱን ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያስረክባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም 10.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን አውጥቶ ወደ ዝቅተኛ የጉልበት ደረጃ ይወርዳል። ሞለኪዩሉ እንደገና እንዲሠራ ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ መልቀቅ አለበት፤ ይህ የሚሆነውም በአመዛኙ ከሂልየም ጋር ሲጋጭ ነው። ሂልየም ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያጓጉዝ ሙቀቱን ለመስታወቱ ግድግዳ፣ ግድግዳውም ለውሃው ያስተላልፈዋል። ውሃው ከሞቀ ጋዙ ይሞቃል፤ ጋዙ ከሞቀ ዝቅተኛው ደረጃ በሙቀት ብቻ ስለሚሞላ በላይኛው የጉልበት ደረጃ ያሉት ሞለኪዩሎች በታችኛው ካሉት ላይ ያላቸው የቁጥር ብልጫ ይጠብባል፤ በዚህም ምክንያት ያው ኤሌክትሪክ ገብቶ የሚወጣው ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ ውሃው ቱቦው እንዳይሰነጠቅ ብቻ የሚያገለግል መከላከያ አይደለም፤ የብርሃኑን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።

ለራሴ ያስቀመጥኩት ግብ በሥራ ጊዜ ከቱቦው የሚመለሰው ውሃ ከ15 እስከ 22 ዲግሪ እንዲሆን፣ 25 ሲደርስ ደግሞ ሌዘሩ በራሱ እንዲጠፋ ነው።

ኅዳር አጋማሽ

ከማሻሻያው ሁሉ በፊት መከላከያው ተገጠመ። ውሃ የማይዘዋወርበት ቱቦ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ማሽኑ ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ ፓምፑ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የፓምፑ ሶኬት ተነቅሎ እንኳ ቁልፉ ሲጫን ይተኩሳል።

ዋይኤፍ-ኤስ201 የሚባለውን ርካሽ የፍሰት መለኪያ ከቱቦው በሚመለሰው ጎማ ላይ አስገባሁት። በውስጡ ማግኔት ያለባት ትንሽ መዘውር በውሃው ኃይል ትሽከረከራለች፤ በአንድ ሊትር 450 ያህል ምት ትሰጣለች፤ በደቂቃ 2 ሊትር ሲፈስ በሰከንድ 15 ምት ይቆጠራል ማለት ነው። ምቱን አንድ አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይቆጥራል። እዚያው ጎማ ላይ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት መለኪያ፣ በክፍሉ አየር ውስጥ ደግሞ ሁለተኛውን አስቀመጥኩ። አርዱዊኖው የሚያዘው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የተገናኘው ከሌዘሩ ኃይል አቅራቢ ላይ ፒ ተብሎ ከተጻፈበት ማያያዣ ጋር ነው፤ ይህ ማያያዣ ከመሬት ሽቦው ጋር ሲገናኝ ሌዘሩ ይፈቀድለታል፣ ሲለያይ ይከለከላል። ሽቦ ቢበጠስ፣ አርዱዊኖው ቢሞት ወይም ሪሌው ኃይል ቢያጣ ግንኙነቱ የሚቋረጥ በመሆኑ፣ የመከላከያው ብልሽት ራሱ ሌዘሩን ያቆማል። በእጅ ጎማውን ጠምዝዤ ስይዘው በቱቦው ውስጥ ያለው ሐምራዊ ብርሃን ወዲያው ጠፋ፤ ስለቀው ተመለሰ።

አንድ ጠባይ ግን መታሰብ አለበት። መከላከያው ብርሃኑን ሲያቋርጥ የመቁረጫው ራስ ሥራውን አያቆምም፤ ምንም ሳይቆርጥ መስመሩን ተከትሎ እስከ መጨረሻ ይሄዳል፤ እንጨቱም ይበላሻል። ስለዚህ በ23 ዲግሪ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ጩኸተኛ ጨመርኩ፤ ድምፁ ሲሰማ ሥራውን በእጅ ገታ አድርጎ መጠበቅ ይቻላል።

የፍሰቱ መጠን ለምን 2 ሊትር እንዲሆን እንደፈለግሁም ልመዝግብ። በ200 ዋት ሙቀትና በደቂቃ 2 ሊትር ፍሰት ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የሚጨምረው 1.4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ ወደ ግማሽ ሊትር ቢወርድ ግን ጭማሪው 5.7 ዲግሪ ይሆናል፤ የቱቦው አንድ ጫፍ ቀዝቅዞ ሌላው ይሞቃል ማለት ነው።

ኅዳር መጨረሻ

የሙቀት ሒሳብ። ቱቦው ሲሠራ በጫፎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በ15 ሺህ አካባቢ ነው። በ15 ሚሊአምፔር ሲባዛ 225 ዋት ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 30 ዋቱ ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ሙቀት ነው። በ12 ሚሊአምፔር ደግሞ ሙቀቱ 150 ዋት ገደማ ነው። ለጥንቃቄ ሁሌም 200 ዋት ብዬ አስባለሁ።

አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ 20 ሊትር የያዘ ባልዲ 84 ኪሎጁል ይጠይቃል። በ200 ዋት ሲካፈል 7 ደቂቃ ይመጣል። ሳያቋርጥ በሚሠራ አንድ ሰዓት ውስጥ ባልዲው በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ይሞቃል። መለኪያዬም የሚናገረው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በመቅረጽ ሥራ ብርሃኑ ነጥብ በነጥብ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ሙቀቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ባልዲውን የሚያሞቀው ረጅም የመቁረጥ ሥራ ነው።

በሒሳቡ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሌላ የሙቀት ምንጭ ደግሞ ፓምፑ ነው። ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የ20 ዋት ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይቀራል። ሌዘሩ ጠፍቶ ፓምፑ ብቻ ሲዞር ቢውል፣ የ20 ሊትሩ ባልዲ በየ70 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይጨምራል። ፓምፑን ሥራ በሌለበት ሰዓት ማጥፋት ኤሌክትሪክ ከመቆጠብ ያለፈ ጥቅም አለው።

ታኅሣሥ

ስለ ውሃው ራሱ። ባልዲው ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ ነው። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ እንደየሰፈሩ ይለያያል፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ የበለጠ ማዕድን አለው። ለመጠጥ የሚያምረው ማዕድን ለሌዘር ጠላት ነው፤ ምክንያቱም ውሃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል። ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለበት የቱቦው ጫፍ ከውሃው የሚለየው በመስታወትና በሲልከን ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው አስተላላፊ ከሆነ ኮረንቲው በርሱ በኩል መሹለኪያ ሊያገኝ ይችላል። ምልክቱ በቱቦው ውስጥ ያለው ብርሃን መርገብገቡና ባልዲው ሲነካ ጣትን መንዘሩ ነው። ማሽኑ እየሠራ ጣትን ውሃው ውስጥ መክተት በማናቸውም ሁኔታ መደረግ የለበትም።

መፍትሔው በየነዳጅ ማደያውና በየመለዋወጫ ሱቁ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነው። ሲገዛ ግን ጠርሙሱን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ጠርሙስ ለብሶ የሚቀመጥ የባትሪ አሲድ አለ። በእስክሪብቶ መልክ በተሠራው የውሃ ጥራት መለኪያ (ማዕድን በበዛ ቁጥር ንባቡ ይጨምራል) የቧንቧው ውሃ ከመቶ በላይ ሲያነብ፣ የባትሪ ውሃው ከአምስት በታች አነበበ። አልጌ እንዳያበቅል ለጠቅላላው ውሃ ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሬ፣ ብርሃን እንዳይገባ ባልዲውን ጥቁር ክዳን ባለው ዕቃ ተካሁት። የመኪና ኩላንት ማስገባት አልፈለግሁም፤ ኩላንት የውሃውን አስተላላፊነት ብዙ እጥፍ ያሳድጋል፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙንም ይቀንሳል። ውሃ በረዶ በሚሆንበት አገር ቱቦው እንዳይፈነዳ ይገደዱበት ይሆናል፤ እዚህ ግን ክፍል ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ አይሆንም።

የመሬት ሽቦውንም በዚሁ አጋጣሚ አስተካከልኩ። ብዙ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተገናኘም። ከውጭ ዘንግ አስቀብሬ፣ ከማሽኑ ጀርባ ካለው የመሬት ቡሎን ጋር በወፍራም ሽቦ አገናኘሁት። የከተማችን ከፍታ 2,350 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ባነሰ ቮልቴጅ ብልጭታ ያሳልፋል። ስለዚህ በከፍተኛው ቮልቴጅ ጫፍ ላይ ያለውን የሲልከን መሸፈኛ ከፋብሪካው የበለጠ ወፈር አድርጌ መረግሁት።

ታኅሣሥ መጨረሻ

መብራት ሄደ። ሌዘሩና ፓምፑ አብረው ስለቆሙ በቅጽበቱ የደረሰ ጉዳት የለም። ጉዳዩ የሚጀምረው መብራቱ ሲመለስ ነው። ፓምፑ ሲቆም በጎማውና በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሽኑ ከፍታ ቁልቁል ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ በቦታውም አየር ይገባል። ፓምፑ እንደገና ሲነሳ አብዛኛውን አየር ይገፋዋል፣ ሁሉን ግን አያወጣውም።

የማሽኑን የኋላ ክዳን ከፍቼ በባትሪ መብራት ስመለከት፣ በብርሃን መውጫው በኩል ከመስታወቱ የላይኛው ግድግዳ ሥር የአተር ፍሬ የምታህል የአየር አረፋ ተለጥፋ አየሁ። ውሃው ከሥሯ እየፈሰሰ እርሷን አይነካትም፤ ወደ ፊት ትንሽ ሳብ ትልና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በአረፋዋ ሥር ያለው መስታወት ውሃ አያገኝም፤ ሌላው ሁሉ 18 ዲግሪ ሲሆን ያቺ ነጥብ ብቻ ትግላለች፤ መስታወት የሚሰነጠቀው ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ የሙቀት ልዩነት ነው። የፍሰት መለኪያው በደቂቃ 2 ሊትር እያነበበ፣ የሙቀት መለኪያውም ምንም ሳይል ይህ ሊሆን መቻሉ መታወቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ ዓይንን የሚተካ መሣሪያ አላገኘሁም።

ሦስት ነገር አደረግሁ። ቱቦውን ማሰሪያዎቹን አላልቼ፣ ውሃ መግቢያው ወደ ታች፣ መውጫው ወደ ላይ እንዲያመለክት ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ ከዚያ የጨረሩን መስመር እንደገና ማስተካከል ግድ ሆነ። የመመለሻውን ጎማ ጫፍ ከውሃው በላይ ከነበረበት አውርጄ ውሃው ውስጥ አጠለቅሁት፤ ሁለቱም ጫፎች ውሃ ውስጥ ካሉ አየር የሚገባበት በር ስለሌለ ፓምፑ ቢቆምም ቱቦው ሞልቶ ይቆያል። ከዚያም ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅሁ፤ ምክንያቱም ፓምፑ ቆሞ ውሃው ተንጠልጥሎ ሲቀር በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ ውሃ የማያንጠባጥብ ቀዳዳ እንኳ አየር ሊስብ ይችላል።

ከዚህ በኋላ መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው ሥርዓት ይህ ነው፤ ፓምፑ ብቻ ይነሳል፣ ቱቦው በዓይን ይታያል፣ ከዚያ ሌዘሩ ይፈቀዳል። ቱቦው ያለ ውሃ ግሎ ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው መልቀቅ አይገባም፤ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል።

ጥር መጀመሪያ

በረዶ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደርና በሥራ ሰዓት ባልዲው ውስጥ መክተት በብዙዎች የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ በሒሳብም ያዋጣል። 1.8 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 600 ኪሎጁል ይወስዳል፤ ከቀለጠ በኋላ እስከ 20 ዲግሪ ለመድረስ 150 ይጨምራል። የሌዘሩን የአንድ ሰዓት ሙቀት አንዲት ሃይላንድ ትበላዋለች ማለት ነው።

ያልወደድኩት መዋዠቁን ነው። ሃይላንዷ እንደገባች ውሃው ወደ 14 ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል፤ በ14 ዲግሪ የተስተካከለ ፍጥነት በ21 አይሠራም። ፍሪዘሩ የእኔ ብቻ አለመሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሥጋና በርበሬ ካሉበት ቦታ ለሃይላንድ መደልደል የቤቱን ሰላም ይነካል። ለቸኮለ ሥራ መጠባበቂያ ሆኖ ይቆያል።

ጥር መጨረሻ

ራዲያተር። ሶማሌ ተራ ሄጄ ከፈረሰ መኪና የወጣ፣ የመኪናውን ውስጥ የሚያሞቀውን ትንሹን የአሉሚኒየም ራዲያተር ገዛሁ። ሻጩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ አንዱን አፍ በአውራ ጣታቸው ደፍነው በሌላው እየነፉ ሳፋ ውሃ ውስጥ አጠለቁትና «እየው ልጄ፣ አንዲት አረፋ ካየህ አትግዛኝ» አሉኝ። አረፋ አልታየም። የኮምፒውተር ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን አስሬበት በመስኮቱ ሥር፣ አየር ከውጭ እንዲስብ አድርጌ አቆምኩት።

ገበያ ላይ ሲደብልዩ-3000 የሚባለው ማቀዝቀዣ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ 9 ሊትር የሚይዝ ታንክ፣ ፓምፕ፣ ራዲያተርና ፋን ሲሆን፣ በየዲግሪው ልዩነት 50 ዋት እንደሚያስወግድ ተጽፎበታል። ኮምፕሬሰር የለውም፤ ኮምፕሬሰር ያለው ሲደብልዩ-5000 ነው፣ ዋጋውም ከማሽኑ ከራሱ ብዙ አይርቅም። ያለ ኮምፕሬሰር የሚሠራ ማንኛውም ራዲያተር ውሃውን ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። በእኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ያው ፋን ያንኑ ያህል መጠን አየር ቢገፋም አየሩ ስስ በመሆኑ የሚሸከመው ሙቀት በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ በፋብሪካ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር እዚህ እንዳለ አይያዝም።

የእኔ ራዲያተር ሲለካ በየዲግሪው 25 ዋት አካባቢ ያስወግዳል። ይህ ማለት 200 ዋት ያለማቋረጥ ቢመጣበት ውሃው ከአየሩ 8 ዲግሪ በልጦ ይረጋል ማለት ነው፤ የከሰዓት በኋላው አየር 23 ከሆነ ውሃው 31 ይሆናል። ከዚህም የከፋው ጠዋት ነው። ጠዋት ውሃው 16፣ አየሩ 20 ሲሆን ፋኑ ቢበራ ራዲያተሩ ውሃውን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ፋንን ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው ጉዳት መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የታየኝ ያኔ ነው። ስለዚህ ፋኑ የሚበራው የውሃው ሙቀት ከአየሩ በ2 ዲግሪ ሲበልጥ ብቻ እንዲሆን በአርዱዊኖው ላይ ተጻፈ።

የካቲት

አዲስ አበባ ብርድ አጥታ አታውቅም። በበጋ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ቀኑ ከ23 እስከ 25 ይደርሳል። የጎደለው ብርዱ ሳይሆን ብርዱን ከሌሊት ወደ ቀን የሚያሻግር ዕቃ ነው። 20 ሊትር ባልዲ ለዚህ ትንሽ ነው፤ 60 ሊትር በርሜል ግን በየዲግሪው 251 ኪሎጁል ይይዛል፣ በ200 ዋት አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 21 ደቂቃ ይፈጅበታል።

60 ሊትር የባትሪ ውሃ መግዛትና በየጊዜው መለወጥ አልተዋጠልኝም፤ ስለዚህ ውሃውን ለሁለት ከፈልኩት። የመጀመሪያው ዙር ቱቦውን ብቻ የሚያገለግል፣ 6 ሊትር የባትሪ ውሃ ያለበት ዝግ ዙር ነው። ሁለተኛው በርሜሉና ራዲያተሩ ያሉበት የቧንቧ ውሃ ዙር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በርሜሉ ውስጥ የጠለቀ፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ጥቅል ነው፤ የባትሪ ውሃው በውስጡ ያልፋል፣ የበርሜሉ ውሃ ከውጭ ይከበዋል፤ ሙቀት ይሻገራል፣ ውሃ አይሻገርም። መዳቡን ሳይሰበር ለመጠቅለል አሸዋ ሞልቼ ሁለቱን አፎች ከደፈንኩ በኋላ በወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጠመጠምኩት፤ አሸዋውን አጥቦ ለመጨረስ ከመጠቅለሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ አንዲት ቅንጣት ብትቀር የፍሰት መለኪያዋን መዘውር ትይዛለችና።

ሙሉ ሙቀት ሲመጣ በሁለቱ ዙሮች መካከል የሚታየው ልዩነት 3 ዲግሪ ነው። ይህ የመለያየቱ ዋጋ ነው፤ በርሜሉ 19 ሲሆን ቱቦው 22 ያያል። በምትኩ የተገኘው ትርፍ ከዚህ ይበልጣል። በርሜሉ ከከፍተኛው ቮልቴጅ የተገለለ በመሆኑ በመጀመሪያው ዙር የከለከልኩትን የመኪና ኩላንት እዚህ ማስገባት ይቻላል፤ አስፈላጊም ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ውሃ ውስጥ መዳብና አሉሚኒየም ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ በኩላንቱ ውስጥ ያለው ዝገት ተከላካይ ይህን ያዘገየዋል፣ አልጌውንም ይገታል። ኩላንት ጣፋጭነት ያለው መርዝ ስለሆነ የበርሜሉ ክዳን በቡሎን የሚዘጋ ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃናትም ውሻም አሉ።

መዳቡ በባትሪ ውሃው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እየተከታተልኩ ነው። የጥራት መለኪያው ንባብ በዝግታ ይጨምራል፤ ሠላሳ ሲያልፍ ውሃውን ለመለወጥ ወስኛለሁ፤ 6 ሊትር መለወጥ ቀላል ነው።

መጋቢት

የሌሊቱ መርሐ ግብር ሥራ ጀመረ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የበርሜሉ ፓምፕና ፋኑ ይሠራሉ፤ መስኮቱ ለፋኑ ያህል ተከፍቶ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል። በ23 ዲግሪ ያመሸው በርሜል ማለዳ ከ12 እስከ 13 ሆኖ ይገኛል። የውጭው አየር 10 ሆኖ በርሜሉ 10 ያልደረሰው ፓምፑ ራሱ ስለሚያሞቀውና ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር የሚወጣው ሙቀት ስለሚያንስ ነው። ፋኑንና ፓምፑን ከሌሊቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ማስነሳት የጨመረው ነገር ከቁጥር አይገባም፤ ያን ሰዓት አየሩ ገና አልበረደም።

በርሜሉ ከ13 ተነስቶ 19 እስኪደርስ ከሁለት ሰዓት በላይ ያልተቋረጠ ብርሃን ይሸከማል። በእውነተኛ ሥራ እንጨት ለማስቀመጥ፣ ለማስተካከል፣ ለመቅረጽና ለማውጣት የሚያልፈው ጊዜ ሲታሰብ ብርሃኑ የሚበራው ከግማሽ ላነሰው ሰዓት ስለሆነ፣ ይህ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው። በ12 ሚሊአምፔርና በሰከንድ 8 ሚሊሜትር የሚቆረጠው ኮምፔንሳቶ ማለዳም ሆነ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከጀርባው ይላቀቃል። ጩኸተኛዋ በዚህ ወር አልተሰማችም።

ሚያዝያ

ዓመቱ የሚሞቅበት ወቅት ነው፤ ሌሊቱም እንደ ጥር አይበርድም። ማለዳ በርሜሉ 15 ላይ ይነሳል። የባትሪ ውሃው ተለውጧል። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሐምሌ

ክረምቱ ጉዳዩን ገለበጠው። እስካሁን ሥጋቱ ውሃው መሞቁ ነበር፤ አሁን መቀዝቀዙ ሆነ። ዝናብ ባረፈበት ማለዳ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን የጤዛ ነጥቡ 16.4 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ማናቸውም ነገር ያልበዋል። በጥር፣ በ22 ዲግሪና በ40 በመቶ እርጥበት ይኸው ነጥብ 8 እንኳ አይሞላም ነበር፤ 12 ዲግሪ ውሃ በበጋ ያልጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። የራሰ ቱቦ ሁለት መዘዝ አለው። በመስታወቱ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ለከፍተኛው ቮልቴጅ መንገድ ይከፍታል፤ በብርሃን መውጫው መስተዋት ላይ የሚያርፈው ጤዛ ደግሞ ጨረሩን እየመጠጠ መስተዋቱን ያቃጥላል።

የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ የሆነውን ዲኤችቲ22 ከቱቦው አጠገብ ሰቅዬ አርዱዊኖው የጤዛውን ነጥብ በየደቂቃው እንዲያሰላ አደረግሁ። የሌሊቱ ማቀዝቀዝ በሰዓት ብቻ መታዘዙ ቀርቶ በርሜሉ ከጤዛው ነጥብ 2 ዲግሪ በላይ ሲደርስ እንዲቆም ሆነ። የሌሊቱ ክፍል ከቀኑ ስለሚቀዘቅዝና ጠዋት ሰው ሲገባ፣ ሻይ ሲፈላ፣ የራሰ ልብስ ሲሰቀል እርጥበቱ ስለሚጨምር፣ ሌዘሩ ከመፈቀዱ በፊት ፕሮግራሙ ነጥቡን እንደገና ይመለከታል፤ ውሃው ከነጥቡ በታች ከሆነ ሪሌው ሌዘሩን አይፈቅድም፣ ፓምፑ ብቻ እየዞረ ውሃው እስኪሞቅ ይጠበቃል።

በርሜሉ በክረምት የሚነሳው ከ18 ስለሆነ የተጠራቀመው ብርድ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የቀኑ የውጭ አየር ራሱ ከ18 እስከ 20 በመሆኑ ፋኑ ቀን ላይም ይሠራል። ብርሃኑ ከግማሽ ላነሰው ሰዓት ሲበራ በርሜሉ 22 አካባቢ ይረጋል፤ ረዥም የመቁረጥ ሥራ ሲመጣ ጩኸተኛዋ ትሰማለች። እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ሥዕሉ ላይ ለሁለት ከፍዬ በመካከሉ ለግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር እሠራለሁ። ሁለተኛ ራዲያተር ከመጀመሪያው ጋር ቢቀጠል ይህን ያስቀረዋል ብዬ አስባለሁ፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ከመስኮቱ ሥር አለ፣ ጎማውና ማያያዣውም ተገዝተው ተቀምጠዋል።